ካናዳና ኒውዚላንድ፦ ስለ ሁለቱ ሩቅ ወዳጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ተነስተው ወደሚያከራክረው ይሄዳሉ።

ካናዳንና ኒውዚላንድን ምን ያገናኛቸዋል?

ሁለቱም የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ነበሩ። ሁለቱም ከእንግሊዝ በወረሱት የፓርላማ ሥርዓት ይተዳደራሉ። የኮመንዌልዝ አባላት ናቸው። ርዕሰ ብሔራቸውም አንድ ሰው ነው፤ ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ። ሌላም የሚጋሩት ነገር አለ፤ ሁለቱም ከእነሱ የሚገዝፍ ጎረቤት አላቸው። ካናዳዊው ውጭ አገር በሄደ ቁጥር «አሜሪካዊ ነህ?» ይባላል። ኒውዚላንዳዊውን ደግሞ አውስትራሊያዊ ይሉታል። ሁለቱም በዚህ መናደዳቸው ብቻ ለወዳጅነት ይበቃል።

በመጠን ግን አይገናኙም። ካናዳ ወደ 10 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መሬት ላይ 41 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላት። ኒውዚላንድ 268 ሺ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ5 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ነው ያላት። ያም ሆኖ ጉልበተኛ እንዳሻው የሚያደርግበት ዓለም ለሁለቱም አይመቻቸውም። ስለዚህ የተጻፈ ሕግና ዳኛ ያለበት ንግድ ይፈልጋሉ። ዲፕሎማቶች «ተመሳሳይ አስተሳሰብ ያላቸው አገሮች» ሲሉ፣ ቃሉ ሲፈታ ይኸው ነው።

ምን ያህል ይራራቃሉ?

ከኦታዋ እስከ ዌሊንግተን በአየር መስመር ከ14 ሺ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚቀራረቡት በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ነው። ከቫንኩቨር ኦክላንድ ቀጥታ በረራ አለ፤ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ከርቀቱ ይልቅ ሥራ የሚያስቸግረው የሰዓቱ ልዩነት ነው። ዌሊንግተን ማክሰኞ ጠዋት ሲሆን ኦታዋ ገና ሰኞ ከሰዓት ነው። የኦታዋው ሠራተኛ ዓርብ ከሰዓት ስልክ ቢደውል የዌሊንግተኑ ባልደረባው ቅዳሜን ጀምሯል። የዌሊንግተኑ ሰኞ ጠዋት ቢደውል ደግሞ ኦታዋ እሑድ ነው። ስለዚህ በሳምንት ውስጥ ሁለቱም ቢሮ የሚገኙት አራት ቀን ያህል ብቻ ነው።

ለምን አምባሳደር ሳይሆን «ከፍተኛ ኮሚሽነር» ይላላካሉ?

አምባሳደር ማለት አንዱ ርዕሰ ብሔር ወደ ሌላው ርዕሰ ብሔር የሚልከው መልእክተኛ ነው። እዚህ ግን ላኪውም ተቀባዩም አንድ ንጉሥ ነው። ንጉሡ ለራሱ መልእክተኛ ሊልክ ነው? ነገሩ ስለማያስኬድ «ከፍተኛ ኮሚሽነር» የሚለው ማዕረግ ተፈጠረ። መሥሪያ ቤቱም ኤምባሲ ሳይሆን «ከፍተኛ ኮሚሽን» ይባላል። በደረጃም በሥራም ከአምባሳደር አያንስም። ዛሬ ልማዱ ሰፍቶ እንደ ህንድና ኬንያ ያሉ ንጉሥ የሌላቸው የኮመንዌልዝ አገሮችም እርስ በርስ ሲላላኩ ይጠቀሙበታል።

ንጉሡ አንድ ከሆነ የውጭ ፖሊሲያቸውም አንድ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሰውየው አንድ ይሁን እንጂ ዘውዱ በሕግ ሁለት ነው። ቻርልስ በዌሊንግተን የኒውዚላንድ ንጉሥ ነው፣ በኦታዋ የካናዳ ንጉሥ። በየአገሩ የሚወክለው ጠቅላይ ገዥ አለ። ምክር የሚሰጠውም የየአገሩ መንግሥት ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው የ1939 ነገር ነው። ኒውዚላንድ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችው ከብሪታንያ ጋር በአንድ ቀን፣ መስከረም 3 ነበር። ካናዳ ግን በፓርላማዋ መክራ መስከረም 10 አወጀች። ስለዚህ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ለአንድ ሳምንት ያህል በኒውዚላንድ ንጉሥነቱ ጦርነት ውስጥ ነበር፣ በካናዳ ንጉሥነቱ ደግሞ ሰላም ላይ። የሕግ ተማሪ ካልሆኑ በስተቀር ብዙ ባያስቡበት ይሻላል።

ግንኙነታቸው መቼ ተጀመረ?

በመደበኛ ዲፕሎማሲ ደረጃ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አንዱ በሌላው ዋና ከተማ ከፍተኛ ኮሚሽን የከፈቱት ያኔ ነው። ሽቦው ግን ከዲፕሎማቱ ቀድሟል። በ1902 የተጠናቀቀው የፓስፊክ የቴሌግራፍ ገመድ በካናዳ በኩል ከቫንኩቨር ደሴት ይነሳል። በባሕር ሥር አድርጎ በፊጂ በኩል ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ይደርስ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በታኅሣሥ 1939 ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የጋራ የአየር ኃይል ሥልጠና ስምምነት ፈረሙ። ሥልጠናው በዋናነት ካናዳ ውስጥ ነበር፤ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ የጠላት አውሮፕላንም አይደርስበትም። 7 ሺ ገደማ የኒውዚላንድ ወጣቶች ከዚያ ተመርቀው ወጡ። ለአንድ ትንሽ አገር ይህ ብዙ ሰው ነው። ወዳጅነቱን የሠራው ከፊርማ ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

ምን ይሸጣሉ፣ ምን ይገዛሉ?

ከኒውዚላንድ ወደ ካናዳ ወይን ጠጅ፣ የበሬና የበግ ሥጋ፣ ኪዊ ፍሬ እና የወተት ተዋጽኦ ይሄዳል። ወይኑ በተለይ የማርልቦሮ አካባቢው ሶቪኞን ብላንክ ነው። ከካናዳ ወደ ኒውዚላንድ ደግሞ ፖታሽ ማዳበሪያ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ማሽነሪ እና የአውሮፕላን ዕቃ ይመጣል። ካናዳ በፖታሽ ምርት ከዓለም አንደኛ ናት፣ ማዕድኑም በአብዛኛው ከሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ይወጣል። የኒውዚላንድ ሣር ያለ ማዳበሪያ ያን ሁሉ ላም አይቀልብም።

የወቅቱ መገለባበጥም ይጠቅማል። አንዱ ጋ ክረምት ሲሆን ሌላው ጋ በጋ ነው። ስለዚህ ፍራፍሬው እርስ በርሱ አይጋፋም። ያም ሆኖ ንግዱ ትልቅ ነው አይባልም። የካናዳ ዋና ደንበኛ አሜሪካ ናት፣ የኒውዚላንድ ደግሞ ቻይና።

በሁለቱ መካከል ብቻ የተደረገ የነፃ ንግድ ስምምነት አለ?

የለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሲፒቲፒፒ የሚባለው የብዙ አገሮች ስምምነት ነው፤ ሙሉ ስሙ «ሁሉን አቀፍና ተራማጅ የትራንስ ፓስፊክ አጋርነት ስምምነት»። መጀመሪያ አሜሪካ ያለችበት ቲፒፒ ነበር፣ በየካቲት 2016 ኦክላንድ ላይ የተፈረመው። በጥር 2017 አሜሪካ ጥላ ወጣች። የቀሩት 11 አገሮች ጠጋግነው በመጋቢት 2018 ሳንቲያጎ፣ ቺሊ ላይ እንደገና ፈረሙ። በታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ሥራ ሲጀምር ካናዳም ኒውዚላንድም ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ውስጥ ነበሩ። የስምምነቱ ሰነድ ጠባቂም ኒውዚላንድ ናት። ብሪታንያ በታኅሣሥ 2024 ገብታ አባላቱን 12 አድርሳለች።

«ተራማጅ» የምትለው ቃል የገባችው በካናዳ ግፊት ነው። ስሙ ረዘመ፣ አጠራሩም ምላስ ያደናቅፋል። የኦታዋ ፖለቲከኞች ግን ለመራጮቻቸው የሚያሳዩት ነገር አገኙበት።

ዜጎቻቸው እንደልብ ተመላልሰው መሥራት ይችላሉ?

ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልግም፣ ግን ቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው። ኒውዚላንዳዊው በአየር ወደ ካናዳ ሲሄድ ኢቲኤ የሚባለውን በ7 የካናዳ ዶላር ያወጣል። ካናዳዊው ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ኤንዜድኢቲኤ የሚባለውን ይይዛል። መሥራት የሚፈልግ ወጣት፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 35 ከሆነ፣ «ወርኪንግ ሆሊዴይ» በሚባለው ፈቃድ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እየሠራ አገር ማየት ይችላል። ከዚያ በላይ ለመቆየት የተለመደውን የኢሚግሬሽን መንገድ መከተል ነው።

ካንዙክ የሚባለው ነገርስ? እውን ይሆናል?

ካንዙክ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የብሪታንያ የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠሙበት ስም ነው። ሐሳቡ የአራቱ አገር ሰዎች ያለ ቪዛ ገብተው ይኑሩ፣ ይሥሩ የሚል ነው። የካናዳ ወግ አጥባቂ ፓርቲ በ2018 ጉባዔው የፖሊሲው አካል አድርጎታል። ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ መካከል ከ1973 ጀምሮ ያለው ነፃ እንቅስቃሴ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ይወራለታል፣ የትኛውም መንግሥት ግን ስምምነት አድርጎ አልፈረመውም። እስካሁን ምኞት ነው።

ይህን ያህል ከተዋደዱ በወተት ለምን ተካሰሱ?

ምክንያቱም በወተት ጉዳይ ሁለቱ አገሮች ሰማይና ምድር ናቸው። ኒውዚላንድ ከ1984 ጀምሮ ለገበሬ የምትሰጠውን ድጎማ ነቅላ ጣለች። ወተቷን 95 በመቶ ያህል ወደ ውጭ ነው የምትልከው፤ ዱቄት፣ ቅቤ፣ አይብ አድርጋ። ገበያ ካልተከፈተላት ላሟን የት ታደርሳታለች? ካናዳ ደግሞ ተቃራኒውን መርጣለች። «የአቅርቦት አስተዳደር» በሚባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ገበሬ የማምረቻ ኮታ አለው። የወተቱ ዋጋ ቀድሞ ይተመናል። የውጭው ምርት እንዳይገባ ደግሞ በቀረጥ ይታገዳል። እንዲገባ ከተፈቀደው መጠን፣ ማለትም ከማስገቢያ ኮታ፣ ውጭ የሚገባ ቅቤ 298.5 በመቶ ቀረጥ አለበት። የ10 ዶላር ቅቤ 40 ዶላር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው ድንበሩን የሚያልፈው። ማን ይገዛዋል?

በሲፒቲፒፒ ካናዳ በ16 ዓይነት የወተት ተዋጽኦዎች ላይ የተወሰነ መጠን ያለዚያ ቀረጥ ለማስገባት ቃል ገባች። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ተንኮሉ ያለው ይህ የማስገቢያ ኮታ ለማን ይታደላል የሚለው ላይ ነው። ካናዳ የማስገቢያ ፈቃዱን አብዛኛውን ለራሷ ወተት አቀነባባሪ ፋብሪካዎች አደለችው። ከውጭ በሚገባው አይብ የሚጎዱት እነሱው ናቸው! ሱቅህን የሚያዘጋ ዕቃ እንድታስመጣ ፈቃድ ቢሰጥህ ፈቃዱን ኪስህ ውስጥ ከተህ ትቀመጣለህ። የሆነውም ይህ ነው፤ ብዙው ኮታ ሳይሞላ ዓመቱ ያልቅ ነበር። ኒውዚላንድ በግንቦት 2022 ከሰሰች። በሲፒቲፒፒ ታሪክ የመጀመሪያው ክስ ነው።

በመጨረሻ ማን ረታ?

የዳኞቹ ጉባዔ በመስከረም 2023 ውሳኔውን ሲያወጣ ሁለቱም «አሸነፍን» አሉ። በዋናው ነጥብ የረታችው ግን ኒውዚላንድ ናት። ስምምነቱ ኮታን ለአቀነባባሪዎች ብቻ መከለል አይቻልም ይላል፣ ካናዳ ግን ከልላለች ተባለ። ካናዳ እስከ ግንቦት 2024 ደንቧን አሻሽያለሁ አለች። ኒውዚላንድ ማሻሻያው ለይስሙላ ነው ብላ አልተቀበለችውም።

ጉዳዩ የተዘጋው በሐምሌ 2025 በድርድር ነው። የኮታው መጠን አልጨመረም፤ የተለወጠው አስተዳደሩ ነው። ፈቃድ ይዞ የማያስመጣ ሰው ያልተጠቀመበት ኮታ ቶሎ ተመልሶ ለሚፈልግ ይሰጣል፣ ነገሩን ልማድ ያደረገውም ይቀጣል። የኒውዚላንድ መንግሥት ስምምነቱ በዓመት እስከ 157 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ሊያስገኝ እንደሚችል ገልጿል። «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ።

አሜሪካም በዚሁ ጉዳይ ካናዳን ከሳ አልነበር? ለምን ውጤቱ ተለያየ?

አሜሪካ የከሰሰችው በሌላ ስምምነት፣ ከካናዳና ከሜክሲኮ ጋር ባላት ነው። ሁለት ጊዜ ከሰሰች። በመጀመሪያው፣ በታኅሣሥ 2021፣ ረታች፤ ነጥቡ በኋላ ኒውዚላንድ የረታችበት ዓይነት ነበር። ካናዳ የአቀነባባሪዎቹን ድርሻ አፍርሳ ኮታውን በገበያ ድርሻ ማደል ጀመረች። አሜሪካ ይህም ሱፐርማርኬቶችን ያገለለ ነው ብላ እንደገና ከሰሰች። በኅዳር 2023 ዳኞቹ ሁለት ለአንድ ለካናዳ ፈረዱ።

ሰዎች ግራ የሚጋቡት ሁለቱን የአሜሪካ ክሶች እንደ አንድ ስለሚያዩ ነው። ኒውዚላንድ ሁለተኛ ክስ ከመጀመር ይልቅ መደራደሩን የመረጠችው የአሜሪካን ሁለተኛ ክስ ዕጣ አይታ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው።

የወተት ጠቡ አዲስ ነው?

ኧረ መቶ ዓመት ሆኖታል! በ1925 ካናዳ ለአውስትራሊያ የሰጠችውን የቀረጥ ቅናሽ ለኒውዚላንድም አሰፋችው። የኒውዚላንድ ቅቤ በመርከብ ጎረፈ። የካናዳ ገበሬ ጮኸ። ነገሩ በ1930 የካናዳ ምርጫ የቅስቀሳ ርዕስ እስከመሆን ደረሰ። በዚያ ምርጫ የማኬንዚ ኪንግ መንግሥት ተሸነፈ፣ አር. ቢ. ቤኔት ሥልጣን ያዘ። ኪንግ የወደቀው በቅቤ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የኢኮኖሚ ቀውሱ ጀምሮ ነበር። ቅቤው ግን ረድቷል። በ1932 ሁለቱ አገሮች አዲስ የንግድ ስምምነት አደረጉ።

ከዚያም በዓለም ንግድ ድርጅት ኒውዚላንድና አሜሪካ ካናዳን በወተት ኤክስፖርት ድጎማ ከሰው በ1999 ረትተዋል። አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ ነው፤ የሚለዋወጠው ዳኛው ብቻ ነው።

ካናዳ ለምን አትለቅም? ወተት ያን ያህል ትልቅ ነገር ነው?

በኢኮኖሚ ትልቅ አይደለም፤ በፖለቲካ ነው ትልቁ። የወተት ገበሬዎቹ በብዛት ያሉት በኬቤክና በኦንታሪዮ ነው። ያለ እነዚህ ሁለት ክፍለ ሀገሮች ካናዳን ማስተዳደር ከባድ ነው። ሌላው ደግሞ የማምረቻ ኮታው ራሱ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ገበሬው ተበድሮ ገዝቶታል። ሥርዓቱ ቢፈርስ ዕዳው ይቀራል፣ ንብረቱ ይተናል። እዚያ ቦታ የቆመ ሰው ቢቃወም አይፈረድበትም።

በሰኔ 2025 የካናዳ ፓርላማ አንድ ሕግ አጽድቋል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በንግድ ድርድር ተጨማሪ የወተት፣ የዶሮና የእንቁላል ኮታ ቃል እንዳይገባ ይከለክላል። ረቂቁ የመጣው ከኬቤኩ ፓርቲ፣ ከብሎክ ኬቤክዋ ነው። ስለዚህ ወደፊት ከኒውዚላንድ ጋር በወተት አዲስ በር ይከፈታል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ረጅም ጊዜ ይጠብቅ።

ከወተት ውጭ በሁሉም ይስማማሉ?

በብዙው። ሁለቱም «አምስቱ ዓይኖች» በሚባለው የስለላ ትብብር ውስጥ ናቸው፤ ካናዳ በ1948፣ ኒውዚላንድ በ1956 ነው የገቡት። በ2021 አውስትራሊያ፣ ብሪታንያና አሜሪካ ኦከስ የሚባለውን የመከላከያ ትብብር ሲመሠርቱ ግን ሁለቱም ውጭ ቀሩ። ካናዳ በጥቅምት 2018 የዓለም ንግድ ድርጅትን ለማደስ የሰበሰበችው የኦታዋ ቡድን ውስጥም ኒውዚላንድ አለች።

ትልቁ ልዩነት ኒውክሌር ነው። ካናዳ ከ1949 ጀምሮ የኔቶ መሥራች አባል ናት። ኒውዚላንድ ግን በ1987 ኒውክሌር የታጠቀም ሆነ በኒውክሌር የሚንቀሳቀስ መርከብ ወደቧ እንዳይደርስ በሕግ ከለከለች። ከአሜሪካ ጋር ለረጅም ጊዜ ያኮራረፋትም ይኸው ነው። ካናዳ እንዲህ ያለ ነገር የምትሞክረው አይመስልም፤ ከአሜሪካ ጋር ያላት ድንበር የዓለም ረጅሙ ነው።

በነባር ሕዝቦች ጉዳይ ግን ሁለቱም የሚያሳፍር ታሪክ የላቸውም?

አላቸው፣ ይህን መደበቅ አይቻልም። በመስከረም 2007 የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ ሲያጸድቅ 144 አገሮች ደገፉ፣ አራት ብቻ ተቃወሙ። ከአራቱ ሁለቱ ካናዳና ኒውዚላንድ ናቸው። የቀሩት አውስትራሊያና አሜሪካ። አንዳንድ ጊዜ «ተመሳሳይ አስተሳሰብ» የሚያኮራ አይሆንም። በ2010 ሁለቱም አቋማቸውን ቀየሩ፤ ኒውዚላንድ በሚያዝያ፣ ካናዳ በኅዳር።

ክሱ ሲካሄድ ሌላው ግንኙነት ቆሞ ነበር?

አልቆመም። ኒውዚላንድ የወተቱን ክስ ያቀረበችው በግንቦት 2022 ነው። በነሐሴ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሁለቱ መንግሥታት በነባር ሕዝቦች ጉዳይ አብሮ ለመሥራት የሚያስችል ስምምነት ፈረሙ። ማኦሪዎች እና የካናዳ ነባር ሕዝቦች ልምድ የሚለዋወጡበት ነው። የወተቱ ጠበቆች ደግሞ በሌላ ክፍል ክርክራቸውን እያዘጋጁ ነበር።